ዳንግላ «ዴንማርክ» ያለችው ወንድሜ

ወንድሜ ሁለት ስም ነበረው። አንዱን አባቴ ነው ያወጣለት፤ የአያታችን ስም ነው። ሁለተኛውን ያወጣችለት ዳንግላ ናት። እኛ ቤት፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ በአያታችን ስም ይጠራል። ዳንግላ ላይ ግን ያንን ስም የሚያውቁት አስተማሪዎቹ ብቻ ነበሩ። ለባለጋሪው፣ ለባለባጃጁ፣ ለሻይ ቤቷ ሴትዮ፣ አብረውት ኳስ ለሚጫወቱት ሁሉ እሱ «ዴንማርክ» ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ አባቴ ዳንግላ ሰደደው። እንጅባራ ብዙ ጓደኛ አለው፣ ዳንግላ ቢሄድ ግን ማንንም ስለማያውቅ ያጠናል ብሎ ነው። ድንችና ጤፍ ተጭኖለት ሄደና አንዲት ክፍል ተከራየ። ክፍሏ ከአንድ ኳስ ማሳያ ቤት ጀርባ ነበረች። አባቴ ይህን አላወቀም።

ኳስ ማሳያ ቤቱ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የጨዋታ አስተላላፊው ድምፅ አይሰማም። ሰው ዝም ብሎ በዓይኑ ብቻ ያያል። ወንድሜ «ያንን ዴንማርካዊ ተጫዋች ዝናቡ ነው ያሳየኝ» ይል ነበር። አስተላላፊው ኳሷን የያዘውን ሰው ስም እየጠራ ዓይንህን ይጎትተዋል፤ ድምፁ ሲጠፋ ዓይንህ የፈለገበት ይሄዳል። ሌላው ሰው ኳሷን ሲያይ እሱ ኳስ ያልያዘውን ሰው አየ።

ሰውዬው በእንግሊዝ ሊግ የሚጫወት አማካይ ነው። ቀጭን ነው። ፀጉሩ ከፊት የሳሳ፣ ትንሽ ሲሮጥ ፊቱ እንደ በርበሬ የሚቀላ። ሲያዩት ተጫዋች አይመስልም፤ የመንገድ ሥራ ሊቆጣጠር የመጣ ፈረንጅ ነው የሚመስለው። ጎል ብዙ አያገባም። ግን ኳስ ሳትደርሰው በፊት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዞር ብሎ ያያል። ስትደርሰው ደግሞ ኳሷ እግሩ ላይ አታድርም። በአንድ ንክኪ ሄዳለች። የሚገርመው ማንም ወዳልቆመበት ቦታ ነው የሚሰዳት፤ ከዚያ አንዱ ሮጦ ይደርስባታል።

መጀመሪያ የኳስ ቤቱ ሰው ይስቅበት ነበር አለኝ።

«ይሄ ሰውዬ ኳስ ያቃጥለዋል እንዴ?»

«ለሰው ሰጥቶ ሰጥቶ ለራሱ ሳያገባ ሊሞት ነው።»

ኋላ ግን የሱ ቡድን ትልልቆቹን ተራ በተራ ማሸነፍ ጀመረ። ጎሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲታዩ መነሻቸው እሱ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዓመት የዳንግላ ግማሹ የዴንማርካዊው ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አሣለ፤ ሥዕሉ ራሱን ፀጉር አስተካካዩን ይመስል ነበር እንጂ። ባጃጆች የኋላ መስታወታቸው ላይ ስሙን ለጠፉ። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን «ዴንማርክ» ብሎ ሰየመው።

ወንድሜ ከዚህ ሁሉ በፊት ነበር የወደደው። እሱም አማካይ ነው የሚጫወት። ዞር ብሎ ማየቱን ከሰውዬው ተማረና ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ገበያም ይዞት ይሄድ ነበር። ለበዓል ቤት መጥቶ ደጅ ስንሄድ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሲል እናቴ «ምን ሆነህ ነው የምትገላመጥ? ማን ነው የሚያሳድድህ?» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ ብቻ ነበርሁ የገባኝ፤ ለኔ ነግሮኛል።

ዳንግላ ላይ አንድ ቀን በከተማው ሜዳ ሲጫወት፣ ማንም ወዳልቆመበት ኳስ ሰጥቶ አጥቂያቸው ደርሶባት አገባ። ከዳር ያ ባለጋሪ ተነሥቶ «በቃ! የፈረሴን ስም ለዚህ ልጅ ሰጥቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ እሱ ላይ ቀረ። ሲበላሽበት ደግሞ ከዳር አንዱ «ፈረሱ ይሻል ነበር፣ እሱ ቢያንስ ይጎትታል!» ይላል።

በሁለተኛው ዓመት ሰውዬው ጉልበቱን ታመመ። ቡድኑ ወጣት ገዛ። ሰውዬው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሲያገግምም አላነሡትም። ኳስ ቤቱም ረሳው። ባጃጆቹ የወጣቱን ስም ለጠፉ። ፀጉር አስተካካዩ ሥዕሉን አስጠፍቶ ሌላ አሣለ። ወንድሜ ግን ሰው ጎሉን አይቶ ሲወጣ እሱ እስከ መጨረሻው ይቀመጥ ነበር፤ ሰውዬው ምናልባት ለአሥር ደቂቃ ቢገባ ብሎ። ኋላ ሰውዬው ተሸጠና ኳስ ቤቱ ወደማያሳየው ሊግ ሄደ። ከዚያም ወደ አገሩ፣ መጀመሪያ ወደተጫወተበት ትንሽ ቡድን ተመለሰ። ወንድሜ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ እየወጣ ስለሱ በስልኩ ያነብ ነበር። ዝናብ ቢሆንም ይወጣል።

ሰውዬው ጡረታ የወጣ ጊዜ እኔ ዳንግላ ነበርሁ፤ ትምህርት ተዘግቶ እሱ ዘንድ ሄጄ ነው። ወሬውን ለባጃጅ ተራው የነገራቸው ወንድሜ ራሱ ነው። ያን ጊዜ የነወንድሜ ቡድን በረኛ፣ ግዙፍ ሰው ነው፣ ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ከባጃጁ ወርዶ ጋቢውን እንደ ለቅሶተኛ አዘቀዘቀና ወንድሜን አቀፈው።

«ዴንማርክ! እግዜር ያጽናህ!»

ሌሎቹም ገባቸው። ከመንገዱ ዳር ሸራ አነጠፉ። ወንድሜን መሀል አስቀመጡት። ተሰልፈው እየመጡ አጽናኑት።

«ያንን የመሰለ ሰው!»

«ምን ይደረጋል፣ የፈጣሪ ሥራ ነው።»

«ምን ሆነው ሞቱ?» አለች የሻይ ቤቷ ሴትዮ የምሯን ደንግጣ።

«አልሞተም እታለም፣ ጡረታ ነው የወጣ» አላት በረኛው። «ለኳስ ተጫዋች ያው ነው።»

አንዱ ከየት እንዳመጣው እንጃ ንፍሮ በሰሐን ይዞ መጣ። አጥቂው መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ። ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሲስቅ እንባው ወረደ። እኔም ስቄአለሁ። ያን ያህል ስቄ አላውቅም።

እነዚያ ሁሉ ሰዎች ለሱ ለራሱ ሞት አልመጡም።

እንዴት እንደሆነ ልናገር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈም፤ በዚያ ዓመት ያለፈም ጥቂት ነው። ዳንግላ ቆይቶ ጭነት ሲያገኝ እያወረደ፣ ኳስ እየተጫወተ፣ ሦስት ክረምት አሳለፈ። ኋላ ጫግኒ እህል ጭነት አለ ሲሉት ወረደ። ቆላ ነው። ወባ ያዘው። እኛ መታመሙን አልሰማንም። ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሳምንት ይጠፋል፤ መንገዱም ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲሞት መንገዱ ዝግ ነበር። አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች እዚያው ቀበሩት። አላየነውም። አፈር አላለበስነውም።

መርዶው ማለዳ ተነገረን። ጎረቤቶች ጎህ ሳይቀድ ግቢውን ሞልተውት አባቴ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው፣ ገና ማንም ሳይናገር «የትኛው ነው?» አለ። ልጆቹ ሁለት ነን፤ እኔም ያን ሌሊት ጎረቤት አድሬ ከሰዎቹ ኋላ ነበርሁ።

አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ወዴት ዞሮ ይለቀሳል? ጋቢውንና የትምህርት ቤት ሹራቡን አልጋ ላይ ዘረጉት። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በመንደሩ እየዞረ ስሙን ጠራ፤ አባቴ ያወጣለትን ስም፣ ከነአባቱ። አባቴ የፈረሰኞች ማኅበር አባል ነውና ፈረሰኞቹ በሰልፍ መጡ። ፈረሶቻቸውን አልብሰው፣ ቀስ እያሉ፣ ግቢውን ዞሩት። አልቃሿ «የፈረሰኛው ልጅ» እያለች አስለቀሰች። ወንድሜ ፈረስ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ይፈራ ነበር። ግን ሌላ ምን ትበል? ስለሱ የሚነግራት አላገኘችም። ጠይቃኝ ነበር፤ እኔም «ኳስ ይጫወታል» አልኋት። ወደ «የፈረሰኛው ልጅ» ተመለሰች።

ከዳንግላ አንድም ሰው አልመጣም። የመጣው ሁሉ የአባቴ ሰው፣ የእናቴ ሰው ነው። አንድ ሰባት ቀን እንዳለፈ እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ ለኔም ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «ልጄ ጓደኛ አልነበረውም?» አለች።

እሳቱን ቆሰቆስሁ።

«አምስት ዓመት ሰው አገር ኖሮ፣ አንድ የሚያለቅስለት ሰው አላፈራም? ምን አድርጎ ቢኖር ነው?»

ይህ ቃል ከሞቱ ቀጥሎ የገደለኝ ቃል ነው። ወንድሜ ከተማ ሙሉ ሰው እንዳለው አውቃለሁ። ግን ቃሌ ምን ያደርግላታል? በዓይኗ ካላየች አታምንም። አርባው ሳይደርስ እነዚያን ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ማየት ነበረባት። ለምን እንዳልመጡ እኔም አልገባኝም ነበር። ተቀይሜአቸው ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ እንዳመጣ አባቴ ዳንግላ ሰደደኝ። ራሴን ተላጭቻለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ። ከመናኸሪያው ወጥቼ ጋሪ ተሳፈርሁ። ባለጋሪው ዞር ብሎ አየኝ። ያ ስሙን ያወጣለት ሰውዬ ነው፤ እኔ አላስተዋልሁትም፣ እሱ ለየኝ።

«አንተ የዴንማርክ ወንድም አይደለህ?»

«ነኝ።»

«አፍንጫችሁ ነው። ያ ከዳተኛ መቼ ነው የሚመለሰው? ስልኩም አይሠራ። ያለ እሱ እኮ አለቅን! በየሳምንቱ ነው የምንሸነፍ። ቆላ ሄዶ ወፈረ መሰል።» ከዚያ ልብሴን አየ። «ምነው? ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«ወንድሜ» አልሁ።

«ውይ! ሌላም ወንድም ነበራችሁ እንዴ? እግዜር ያጽናችሁ።» ፈረሱን ቸብ አደረገው። ትንሽ ሄድን። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር «ዴንማርክ ሰምቷል?» አለኝ።

አልሰማም ልበል? አልሰማምኮ እውነት ነው። ጋሪው ሲንገጫገጭ የጎኑን ብረት ይዤ ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ነው የነገረው። ልጓሙን ሳበው። ፈረሱ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላ ባጃጆች ጡሩምባ ነፉ።

«ሌላ ወንድም የላችሁም» አለ ባለጋሪው።

«የለንም።»

ከጋሪው ወርዶ የፈረሱን አንገት አቅፎ ቆመ። ባጃጆቹ ከኋላ ሲሳደቡ ቆዩና አንዱ ወርዶ መጣ። ከዚያ ሌላው። በመንገድ መሀል ለቅሶ ሆነ።

ለካስ ሰምተው ነበር። የፈረሰኛው ልጅ፣ እገሌ የሚባል ልጅ፣ ቆላ ሞቶ እንጅባራ መርዶ ተነገረ የሚለውን ወሬ ገበያተኛ አምጥቶላቸዋል። «ነፍስ ይማር» ብለው አልፈውታል። በረኛው ይህን ሲነግረኝ ራሱን በጡጫ ይመታ ነበር።

«ነፍስ ይማር ብዬ ሻይዬን ጠጣሁኮ! ሻይዬን!» ከዚያም «ስሙ ማን ነበር ያልኸኝ?» አለ። ነገርሁት። ደገመው። «እንዲህ ነበር እንዴ ስሙ?»

እንመጣለን አሉ። ቀኑንም እዚያው ቆረጡ።

ቤት ተመልሼ ለአባቴ ነገርሁት። ፈረሱን እያጠጣ ነበር።

«ይምጡ» አለ። «ለቅሶ የመጣ አይመለስም። ለምን እስከ ዛሬ ቆዩ?»

ምክንያቱን ነገርሁት። ስሙንም ያን ጊዜ ነው የሰማው። ደጋግሞ አስነገረኝ።

«ዴንማርክ ምንድን ነው?»

«አገር ነው አባባ። ከዚያ የመጣ ኳስ ተጫዋች ነበር። እሱን ስለሚመስል ነው።»

«ዘመዱ ነው? አበ ልጁ ነው? ምን አድርጎለት ነው ስሙን የሚሸከምለት?»

«ምንም አላደረገለትም። አያውቀውም።»

አባቴ ባልዲውን አስቀመጠ። «እኔ የአባቴን ስም ነው የሰጠሁት። ይጠራበት ብዬ ነው የሰጠሁት። ሬሳውን አጥቻለሁ፤ ስሙንም አላጣም። ይምጡ፣ ያልቅሱ፤ ያንን ስም ግን ግቢዬ ውስጥ እንዳልሰማ።»

«አባባ፣ እርስዎ አላዩአቸውም፣ እነሱ ሌላ ስም…»

«በቃ።»

በረኛው ዘንድ ስልክ ስሞክር ሁለት ቀን አልሠራም። በሦስተኛው ገባልኝና ነገርሁት። «እሺ» አለ። «እንነግራቸዋለን። አባት ያለው ይሆናል።»

የመጡት እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሁለት ሚኒባስ ሞልተው። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ወርደው ልብሳቸውን አዘቀዘቁና እያለቀሱ መጡ። እኛ ዘንድ ዘግይቶ ለለቅሶ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ጀምሮ እያለቀሰ ነው የሚገባ፤ ቤቱ ሰምቶ እንዲቀበለው፣ ሐዘኑ እንደ አዲስ እንዲነሣ። የአያታችንን ስም እየጠሩ መጡ። ሰምቻቸው ደስ አለኝ፤ ታዘዋል ብዬ።

ግን ለቅሶው አልያዘም። እንደ እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድድም። አንዱ ስሙን ሲጠራ ሌላው አጠገቡ ያለውን ያያል፤ ልክ ነው ወይ እንደማለት። አንዱ ጭራሽ ሳተው። የማያውቁትን ሰው ነው የሚጠሩት። እናቴ ወጥታ አየቻቸው። ሌላ ጊዜ ሰው ሲመጣ እየሮጠች ነው የምትቀበል፤ ያን ቀን ግን ምሰሶውን ይዛ ቆመች። የታዘዘ ሰው ሲያለቅስ ታውቀዋለች። ፊቷን ሳይ ገባኝ። ለወጉ የመጡ መሰሏታል። ባይመጡ ይሻል ነበር አልሁ።

አጥቂው ከኋላ ነበር። አጭር ልጅ ነው፣ ዝምተኛ። ስሙን አንድ ጊዜም አልጠራም። ግቢው መሀል ሲደርስ ቆመ። እንደ መርዶው ቀን ደጅ በወጣው አልጋ ላይ የተዘረጋውን ሹራብ አየ። ከዚያ ድምፁ ወጣ።

«ዴንማርክ! ዴንማርክ ማን ያቀብለኝ? ሳልጠራህ የምታየኝ! ከእንግዲህ ወዴት ልሩጥ?»

ይሄኔ ግቢው ተነሣ። በረኛው እንደ ዛፍ ወደቀ። ያ ሁሉ ጎልማሳ ዴንማርክ፣ ዴንማርክ እያለ ደረቱን ደቃ። ባለጋሪው «ስም አውጪህ ቀድሞህ በሞተ!» እያለ መሬቱን መታ። እኔም አለቀስሁ። ከመርዶው ቀን ወዲህ እንደዚያ ማልቀሴ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ አባቴ ከመደቡ ሲነሣ አየሁት። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፤ አላነሣውም። ዘንጉን ይዞ ወደ መሀል መጣ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዝም አሉ፤ ተጫዋቾቹም አንድ በአንድ ዝም አሉ። የሚያባርራቸው መስሎኝ መሀል ልገባ ሄድሁ።

«ማንን ነው የምታለቅሱት?» አለ።

አጥቂው አቀርቅሮ መለሰ። «ልጅዎን ነው አባባ። ይማሩን። ሌላ ስም አናውቅለትም።»

አባቴ ዘንጉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ያን ጊዜ እናቴ ምሰሶውን ለቅቃ መጣች።

«ተዋቸው!» አለችው። በሰው ፊት እንዲህ ተናግራው አታውቅም። «ተዋቸው አንተ ሰው! እንደሚያውቁት ያልቅሱት! ልጄ ሰው ነበረው!» ከዚያ ወደነሱ ዞራ «ልጆቼ፣ ጥሩት» አለች።

አባቴ ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እነሱ ጠሩት።

ለቅሶው ሲበርድ ሁሉም ተቀመጠ፤ ንፍሮ ቀረበ። አባቴ ማንንም ሳያይ ጠየቀ።

«ያ ፈረንጅ ጎበዝ ነበር?»

በረኛው ተነቃቃ። «እንዴት ያለ ጎበዝ አባባ!»

«ጎል ያገባል?»

ተያዩ። «ጥቂት ነው» አለ በረኛው።

አባቴ አጠገብ የተቀመጡት የፈረሰኛ ጓደኛው ገቡበት። «ታዲያ ሳያገባ ምኑን ተጫወተው? ሳይጋልቡ ፈረሰኛ አለ?»

«የኛው ልጅስ?» አለ አባቴ። «ያገባ ነበር?»

«እሱም ጥቂት ነው» አለ አጥቂው። «የማገባው እኔ ነበርሁ። ስሙ የሚጠራ የኔ ነው። ግን አባባ…» ሰሐኑን ሳበ። የንፍሮውን ሽንብራና ስንዴ ለየ። ሽንብራውን እኛ ነን አለ፣ ስንዴውን እነሱ። አንዷን ሽንብራ መሀል አስቀመጠ፤ ስንዴ ከበባት። ሌላዋን ከዳር አደረገ። «ይቺ እኔ ነኝ። እዚህ ቆሜ ማንም አያየኝም። እሱ ግን ኳሷ ሳትመጣ በፊት አንዴ ዞር ብሎ አይቶኛል። ከዚያ ሳያየኝ ይሰጠኛል፤ ወደዚህ፣ ባዶው ላይ። እኔ እሮጣለሁ። ሰው እኔን ነው የሚያይ። እሱ ያን ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ፈረንጁም እንዲሁ ነበር። ለዚህ ነው።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ሰሐኑን አየ። በጣቱ መሀል ያለችውን ሽንብራ ነካት። «እሱ ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«እኔኮ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም» አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው።

በማግስቱ ጠዋት ድንች ማሳው ዳር አብረን ስንሄድ አባቴ ቆመ። ጭጋግ ነበር፤ ፊቱ በደንብ አይታየኝም።

«ያ ሰውዬ በሕይወት አለ?» አለኝ።

«አለ አባባ። ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል።»

«ሽማግሌ ነው?»

«አይደለም። አርባም አልሞላውም ይሆናል። የኳስ ጡረታ እንደዚያ ነው።»

«እንዲህ ሆኖ ጡረታ!» አለ፤ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ትንሽ ሄደና እንደገና ቆመ። «እናት አባት አለው?»

«አላውቅም።»

«ይኖሩታል» አለ። «አገሩ ገብቷል አላልኸኝም? እነሱ ዘንድ ነው የገባ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ፣ በለሆሳስ፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው፣ «ይኑርላቸው» አለ። «ዴንማርክ ይኑርላቸው።»